በመጠነኛ ገንዘብ ምን ዓይነት ሴንተር ስፒከር ይገዛል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ሦስቱ ስለ አንድ ዕቃ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው በዚህ እትም አንድ ላይ መልሰናቸዋል። ዕቃው በሆም ቲያትር ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ሥር ወይም በላይ የሚቀመጠው የመሃል ስፒከር፣ በገበያ ስሙ ሴንተር ስፒከር ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ሪሲቨር» ስንል ስፒከሮቹን የሚያንቀሳቅሰውን የኦዲዮ ሪሲቨር ማለታችን እንጂ የዲሹን አለመሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ዓመት ያገለገለ ሪሲቨር፣ ሁለት የመደርደሪያ ስፒከሮችና አንድ ሳብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ገዝቼ ሳሎኔ ውስጥ አስገብቻለሁ። ሙዚቃ ሲሆን በጣም ያረካኛል፤ ፊልም ሲሆን ግን ፍንዳታውና ማጀቢያው ቤቱን እየሞላው ንግግሩ ይጠፋል። ሪሞቱ ከእጄ አይለይም፤ ሲያወሩ እጨምራለሁ፣ መኪና ሲጋጭ እቀንሳለሁ። በተለይ እናቴ በቀኝ በኩል ያለው ነጠላ ሶፋ ላይ ስለምትቀመጥ «ምን አለ?» እያለች በየደቂቃው ትጠይቀኛለች። ሴንተር ስፒከር ግዛ ተብዬ ገበያ ብወጣ የዕቃዎቹ ዋጋም ዋትም እጅግ የተራራቀ ሆነብኝ። አቅሜ መጠነኛ ነው። ትልቁን ልግዛ ወይስ ዋቱ የበዛውን? ካሉኝ ስፒከሮች ጋርስ የግድ አንድ ዓይነት መሆን አለበት?

መልስ፦ ገበያ ከመመለስዎ በፊት ዛሬ ማታ አንድ ነገር ይመልከቱ። የሪሲቨርዎን ማስተካከያ ገጽ በቴሌቪዥኑ ላይ ይክፈቱና ስለ ስፒከሮች ወደሚናገረው ክፍል ይግቡ። እዚያ ሴንተር የሚለው መስመር «አለ» ተብሎ ተሞልቶ ከሆነ፣ ሪሲቨሩ የንግግሩን ድምፅ ለይቶ ምንም ስፒከር ወዳልተገናኘበት መውጫ እየላከው ነው፤ እርስዎም የሚሰሙት ወደ ግራና ቀኝ የተደባለቀውን ቅሪት ብቻ ይሆናል። ያገለገለ ሪሲቨር ብዙ ጊዜ የቀድሞ ባለቤቱ ማስተካከያ ሳይነካ ስለሚሸጥ ይህ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር ነው። አንድ ወዳጄ ሁለት ወር ሙሉ ፊልሞቹን ሲያማርር ከቆየ በኋላ አብረን ገጹን ስንከፍት ያገኘነው ይህንኑ ነበር። መስመሩን «የለም» ወደሚለው ሲለውጡት የመሃሉ ድምፅ ለግራና ለቀኝ ስፒከሮች እኩል ይከፈላል፤ ይህ ምንም አያስወጣዎትም።

ይህ ቢስተካከልም ግን የእናትዎ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ አይቆምም፤ ምክንያቱ ደግሞ የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ሁለት ስፒከሮች ተመሳሳይ ድምፅ እኩል ሲያወጡ፣ ከሁለቱም እኩል ርቆ መሃል ላይ ለተቀመጠ ሰው ድምፁ ከስክሪኑ መካከል የሚወጣ ይመስለዋል። እዚያ ግን ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ የለም፤ ጆሮ ራሱ የሠራው ምስል ነው። ያው ሰው አንድ ሜትር ወደ ቀኝ ቢጠጋ የቀኙ ስፒከር ድምፅ ቀድሞ ይደርሰዋል፤ ጆሮ ደግሞ ቀድሞ የደረሰውን ድምፅ እንደ ምንጩ ስለሚቆጥር የተዋናዩ ድምፅ ከአፉ ተነቅሎ ወደ ቀኙ ስፒከር ይሄዳል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የ34 ሳንቲ ሜትር የርቀት ልዩነት የሰከንድ አንድ ሺሕኛ መዘግየት ያመጣል፤ ምስሉን ለማፍረስ ይህ ከበቂ በላይ ነው። የቤል ላብራቶሪ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1933 የፊላደልፊያን ኦርኬስትራ ሙዚቃ በስልክ መስመር ወደ ዋሽንግተን አዳራሽ ሲያስተላልፉ ከግራና ቀኝ በተጨማሪ መሃል ላይ ሦስተኛ ስፒከር አቁመው ነበር፤ ሲኒማ ቤቶችም ከስክሪኑ ጀርባ መሃል ላይ ስፒከር የሚያኖሩት በጠርዝ ወንበር ላይ ለተቀመጠውም ተመልካች ንግግሩ ከተዋናዩ እንዲመጣለት ነው።

በእኛ አገር ሳሎን ይህ ነገር ይብሳል። ሶፋዎቻችን እንደ ሲኒማ ወንበር ከስክሪኑ ፊት ለፊት የተደረደሩ ሳይሆኑ በግድግዳው ዙሪያ ክፍሉን ከበው ነው የሚቀመጡት፤ ስለዚህ በእንግዳ ቀን መሃል ላይ የሚቀመጠው አንድ ወይም ሁለት ሰው ሲሆን የቀረው ሁሉ ከጎን ነው የሚያየው። ለእኛ የሚሆነው ሴንተር ስፒከር ከጎን ለተቀመጠ ሰው ንግግሩን ሳያጎድል የሚያደርስ መሆን አለበት የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

መሃል ላይ የተቀመጠውም ሰው ቢሆን ከስፒከሩ ይጠቀማል። ሴንተር በሌለበት እያንዳንዱ ጆሮ ሁለቱንም ስፒከሮች ይሰማል፤ የራቀው ስፒከር ድምፅ ጭንቅላትን ዞሮ እስኪደርስ የሰከንድ አንድ አራት ሺሕኛ ያህል ስለሚዘገይም በ2000 ኸርዝ (በሰከንድ 2000 ንዝረት) አካባቢ ሁለቱ እርስ በርስ ይሰራረዛሉ። ይህ የድምፅ ክልል ተነባቢዎች ተለይተው የሚሰሙበት ነው። «መጣ» እና «መታ» የሚሉትን ቃላት አንድ ጊዜ ጮክ ብለው ይበሏቸው፤ አናባቢዎቻቸው አንድ ናቸው፣ የሚለያቸው «ጠ» ስትፈነጠቅ የምትሰማው እጅግ አጭር ድምፅ ብቻ ናት። እርሷ ከጎደለች ሰሚው ሰውየው መጣ ይሁን መታ ከነገሩ አካሄድ ይገምታል እንጂ አይሰማም።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። «ትልቁን ወይስ ዋቱ የበዛውን?» ላሉት መልሴ በሁለቱም አይመዘንም የሚል ነው። በገበያ ላይ የሚበዛው ሴንተር ስፒከር አግድም የተኛ ሳጥን ሲሆን መሃሉ ላይ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ትዊተር፣ ግራና ቀኙ ላይ መካከለኛውንና ወፍራሙን የሚያወጡ ሁለት ዉፈሮች አሉት። ይህ ቅርጽ የተለመደው ከቴሌቪዥን ሥር እንዲገባ ተብሎ ነው፤ ለድምፁ ቢሆን ቆሞ ቢሠራ ይሻለው ነበር። ችግሩ ሁለቱ ዉፈሮች አንዱን የሰው ድምፅ አብረው ማውጣታቸው ላይ ነው። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ሁለቱ እኩል ስለሚርቁ ድምፃቸው ይደማመራል፤ ከጎን ለተቀመጠ ግን አንዱ ይቀርባል፣ ሌላው ይርቃል፣ የርቀቱ ልዩነት የአንድ ሞገድ ግማሽ በሆነበት ፍሪኩዌንሲ ላይ አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ድምፁ ይጠፋል።

የእናትዎን ሶፋ እንውሰድ። ከስፒከሩ ፊት 2.5 ሜትር ወደ ኋላ፣ 1.7 ሜትር ወደ ቀኝ ብለን ብንገምት ማዕዘኑ 34 ዲግሪ ያህል ይሆናል። የዉፈሮቹ ማዕከሎች በ30 ሳንቲ ሜትር የሚራራቁ ከሆነ ወደ እናትዎ ጆሮ የሚደርሰው ድምፅ ከአንዱ ዉፈር በ17 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘገያል፤ ይህ በ1000 ኸርዝ አካባቢ የሞገዱ ግማሽ ነው። ይህ ማለት ትልቁና የሚያምረው ሴንተር ለእናትዎ በትክክል የንግግሩን ወገብ ይቆርጥባቸዋል ማለት ነው። በአንጻሩ ዉፈሮቹ ትንንሽ ሆነው ማዕከሎቻቸው በ20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢራራቁና አድማጩ 20 ዲግሪ ላይ ቢቀመጥ ጉድለቱ ወደ 2500 ኸርዝ ይወጣል፤ በብዙ ስፒከሮች ላይ ደግሞ በዚያ አካባቢ ትዊተሩ ሥራውን ከዉፈሮቹ ስለሚረከብ ጉዳቱ ይቀንሳል። በዚህ ቅርጽ ከተሠሩት መካከል ትንሹ ከትልቁ የሚሻልበት ጊዜ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ እንደሆነ ሳብዉፈርዎ ይችለዋል። ለምሳሌ የሶኒ ኤስኤስ-ሲኤስ8 ዉፈሮች 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናቸው፤ ከርካሾቹ መካከል በስም የምጠቅሰውም ለዚህ ነው።

ገንዘብዎ ትንሽ ከፍ ካለ ይህን ጉድለት ከመሠረቱ የሚያስቀሩ አሠራሮች አሉ። አንደኛው ትዊተሩ ከአንድ አነስተኛ ሚድሬንጅ (መካከለኛውን ድምፅ የሚያወጣው) በላይ ቆሞ ዉፈሮቹ ግራና ቀኝ የሚሆኑበት ነው፤ እዚህ ላይ የሰውን ድምፅ የሚያወጣው ያ አንዱ ሚድሬንጅ ስለሆነ ከጎን የሚሰራረዘው ነገር እጅግ ያንሳል። ሌላው ትዊተሩ በሚድሬንጁ ወይም በዉፈሩ እምብርት ውስጥ የሚቀመጥበት ሲሆን፣ የእንግሊዙ ስፒከር ሠሪ ኬኢኤፍ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ዩኒ-ኪው እያለ የሚሸጠው፣ ኢላክም ዩኒ-ፋይ በሚለው ተከታታይ ምርቱ የተጠቀመበት ነው። በሁለቱም አሠራር የተሠሩት ከተለመዱት ይልቅ ዋጋቸው ስለሚወደድ ያገለገለ ቢያገኙ ዓይንዎን አይንፈጉት። በመሃል ደግሞ ሁለት ዉፈር ቢኖረውም አንደኛው ወፍራሙን ድምፅ ብቻ እንዲያግዝ፣ ንግግሩን ግን አንዱ ብቻውን እንዲያወጣ ተደርጎ የሚሠራ አለ፤ ከውጭ ሲያዩት ከተለመደው አይለይም፣ ሻጩም ላያውቀው ስለሚችል የዕቃውን መግለጫ ማንበብ ያስፈልጋል።

ከሁሉም ግን ለእርስዎ ቤት እኔ የምመርጠው ሌላ ነው። ያሉዎት ሁለቱ የመደርደሪያ ስፒከሮች ሞዴላቸው ምን እንደሆነ ከጀርባቸው ላይ ያንብቡና ያንኑ ሞዴል ሦስተኛ ይፈልጉ፤ ሲያገኙም ሳያጋድሙ እንደነርሱ ቀጥ አድርገው መሃል ላይ ያቁሙት። አንድ ዉፈርና አንድ ትዊተር ያለው ቀጥ ብሎ የቆመ ስፒከር ወደ ጎን የሚያጎድለው ነገር ጥቂት ነው፤ ድምፁም ከግራና ቀኙ ጋር ፍጹም አንድ ይሆናል። የመደርደሪያ ስፒከር በጥንድ ስለሚሸጥ ሁለት መግዛት ግድ ሊሆንብዎት ይችላል፤ አንዱ ተቀምጦ ለመጠባበቂያ ይሆናል፣ ወይም ሞዴሉ ያለው ሌላ ሰው ይወስደዋል። የዚህ ሐሳብ መሰናክል ቁመቱ ነው። አብዛኛው የመደርደሪያ ስፒከር ከ30 እስከ 38 ሳንቲ ሜትር ስለሚረዝም ቴሌቪዥኑ ስታንድ ላይ የቆመ ከሆነ ስክሪኑን ይጋርዳል። ቴሌቪዥንዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ከሆነ ግን ከሥሩ ያለው ስታንድ ባዶ ስለሆነ ሜትር ይዘው ይለኩት፤ ከበቃ ሌላ ምርጫ አይፈልጉ።

«የግድ አንድ ዓይነት መሆን አለበት?» ላሉት፣ አንድ ሞዴል ባይሆን እንኳ የአንድ ተከታታይ ምርት ቢሆን በጣም ይመከራል። መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ መሃል ላይ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ የሚቀየር ከሆነ፣ ወይም ተዋናይዋ እየተናገረች ስትሄድ ድምፅዋ የሌላ ሴት የሚመስል ከሆነ ልዩነቱ ያስጠላል። የፋብሪካው ስም አንድ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ አንድ ፋብሪካ በተለያየ ዘመን የሠራቸው ስፒከሮች ድምፃቸው ሊራራቅ ይችላል። ከግራና ቀኞቹ ጋር የሚሄድ ሴንተር ጨርሶ ካልተገኘ ግን ንግግሩ የጠራ ሴንተር ገዝቶ የድምፅ ቀለሙን ልዩነት መታገሥ፣ የሚመሳሰል ነገር ግን የሚያጎድል ሴንተር ከመግዛት ይሻላል።

ስለ ዋቱ አጠር አድርጌ ልናገር። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዋት ቁጥር ስፒከሩ ምን ያህል ኃይል እንደሚችል ይናገራል እንጂ ምን ያህል እንደሚጮኽ ወይም ምን ያህል እንደሚጠራ አይናገርም። የሚጠቅምዎት ቁጥር ሴንሲቲቪቲ የሚባለው፣ በዴሲቤል (በድምፅ ጉልበት መለኪያ) የሚጻፈው ነው። 86 ዴሲቤል የሚል ስፒከር በአንድ ዋት ኃይል በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ይህን ያህል ድምፅ ያወጣል፤ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 76 ይወርዳል፣ ይህም ሳሎን ውስጥ ለሚሰማ ንግግር በቂ ነው። አንድ ዋት ማለት ነው! ድንገተኛ ጩኸት በ10 ዴሲቤል ሲጨምር 10 እጥፍ ኃይል ስለሚፈልግ የቀረው ዋት ለዚያ ይጠበቃል። በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር ለእኩል ድምፅ የሚፈልገው ኃይል ግማሽ ብቻ ነው። ከዚህ ጋር የሪሲቨሩን ጀርባ አይተው ከስንት ኦም (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ጀምሮ እንደሚቀበል ያንብቡ፤ ከ6 ኦም ጀምሮ የሚል ከሆነ ባለ 4 ኦም ስፒከር አይግዙለት።

ዕቃውን ሱቅ ውስጥ ለመፈተን የሚያውቁትን ሰው ንግግር በፍላሽ ወይም በስልክዎ ይዘው ይሂዱ፤ የዜና አንባቢ ወይም የሬዲዮ ትረካ ይሆናል፣ ሙዚቃ አይሁን። ሻጩ ሴንተሩን ብቻ እንዲያጫውትልዎ ይጠይቁና በመጀመሪያ ፊት ለፊት ቆመው ያዳምጡ፤ ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው ርቀትዎን ሳይለውጡ ቀስ እያሉ ወደ ጎን ይራመዱ። ደካማው ሴንተር ከጥቂት እርምጃ በኋላ ተናጋሪው አፉን በእጁ የሸፈነ ያህል ይታፈናል፤ ጥሩው ትንሽ ይለዝባል እንጂ ቃሉን አይውጥም። መርካቶ ውስጥ ከመንገዱ ጫጫታ ጋር ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ልዩነቱ ሲኖር በጫጫታም መካከል ይሰማል። ያገለገለ ከሆነ የዉፈሩን ዙሪያ የያዘውን ጎማ ወይም ስፖንጅ በጣትዎ በቀስታ ይዳስሱት፤ የሚፈረፈር ስፖንጅ ያለውን ይተዉት።

ገዝተው ቤት ሲገቡ ስፒከሩን ወደ ስታንዱ ጠርዝ ያውጡት። ወደ ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ ድምፁ ከስታንዱ ገጽ ላይ እየነጠረ ይደፈርሳል። የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ ዝቅ ብሎ የተቀመጠውን ስፒከር ከፊት ለፊት በኩል ከሥሩ ሁለት የጎማ ቁራጮች አስገብተው ወደ ጆሮ ቀና ያድርጉት። ስፒከሩ ከጀርባው አየር መውጫ ቀዳዳ ካለው ከግድግዳው ጋር አያጣብቁት። ለሽቦው ገንዘብ አያባክኑ፤ 1.5 ካሬ የሆነ ሁለት መስመር የመዳብ ሽቦ ለ5 ሜትር ርቀት ከበቂ በላይ ነው፣ ፕላስና ማይነሱን ብቻ አያሳስቱ። ከዚያ ወደዚያው ማስተካከያ ገጽ ተመልሰው ሴንተሩን «ትንሽ» በሚለው፣ ክሮስኦቨሩን (ከእርሱ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ወደ ሳብዉፈር የሚሄድበትን ወሰን) በ80 ኸርዝ ላይ፣ ዉፈሮቹ በጣም ትንንሽ ከሆኑ በ100 ወይም በ120 ላይ ያድርጉት። ርቀቱን በሜትር ለክተው ያስገቡ። የሴንተሩን ድምፅ ብቻውን ከሌሎቹ በ2 ወይም በ3 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ይፈቀዳል፤ እናትዎ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው እያሉ ቢያስተካክሉት ይመረጣል። የሌሊት ሞድ የሚባለውም ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ስለሚያደርግ ሪሞቱን ከእጅዎ ያሳርፍልዎታል።

ቴሌቪዥኑ ወደ ሪሲቨሩ የሚልከው ድምፅ በስቴሪዮ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ከሆነ አዲሱ ሴንተር ዝም ይላል፤ የዲሽ ቻናሎችም ብዙዎቹ በስቴሪዮ ነው የሚመጡት። ለዚህ በሪሲቨሩ ላይ ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ ወይም በአዲሶቹ ላይ ዶልቢ ሰራውንድ የሚለውን ቢመርጡ በሁለቱ መስመሮች ውስጥ የጋራ የሆነውን፣ ማለትም ንግግሩን፣ ለይቶ ወደ መሃል ያመጣዋል።

በመጨረሻ ስለ ክፍሉ አንድ ነገር ልጨምር። ሴራሚክ ወለል፣ የሲሚንቶ ግድግዳና ባዶ መስኮት ያለው የኮንዶሚኒየም ሳሎን የትኛውንም ስፒከር ያበላሻል። ወፍራም መጋረጃና በስፒከሩና በሶፋው መካከል የተዘረጋ ምንጣፍ ለንግግሩ የሚያደርጉት ውለታ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው፤ ያጨበጭቡና ይስሙት፣ ጭብጨባው «ጢን» ብሎ የሚመለስ ከሆነ መጀመሪያ ምንጣፉን ይግዙ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ሆኖ ፊልም ማየት ይወዳል፣ ጆሮው ግን እየደከመ ነው። ለገና ስሄድ ሴንተር ስፒከሩን፣ ሁለቱን የፊት ስፒከሮችና ሪሲቨሩን ከዚህ ገዝቼ ይዤለት ልሂድ? ወይስ እዚያው ይገዛ?

መልስ፦ ስፒከሮቹን ይውሰዱ፣ ሪሲቨሩን እዚያው ይግዙ። ሴንተርም ሆነ የመደርደሪያ ስፒከር የራሱ የመብራት ገመድ የለውም፤ የሚሠራው ሪሲቨሩ በሚልክለት ኃይል ብቻ ስለሆነ የአገሩ ቮልቴጅ አያገባውም። ሪሲቨሩ ግን ግድግዳ ላይ ይሰካል፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚሸጠው አብዛኛው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሲሆን የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ የተሰካ ዕለት ይቃጠላል። በትራንስፎርመር ይሠራል የሚል ምክር ይሰጥዎት ይሆናል፤ እውነት ነው ይሠራል፣ ነገር ግን አቅሙ የሚበቃ ትራንስፎርመር ከባድና ውድ ነው፤ ከዚያም በላይ አንድ ቀን ቤት የሚያጸዳ ሰው ሶኬቶቹን ነቅሎ ሲመልስ ሪሲቨሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሊሰካው ይችላል። ሳብዉፈርም የራሱ አምፕሊፋየር ስላለው በዚሁ ይመደባል፤ ከጀርባው የቮልት መቀያየሪያ ያለው ካልሆነ አይውሰዱት።

ሦስቱን ስፒከሮች ከአንድ ተከታታይ ምርት አብረው መግዛት መቻልዎ የመጀመሪያው ጠያቂያችን ያላገኘው ዕድል ነው። በአሜሪካ ገበያ በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጡት ሴንተሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 300 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ፤ የበዓል ቅናሽ ደግሞ ከጉዞዎ በፊት ይመጣል። ክብደታቸው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ስለሆነ አንድ የ23 ኪሎ ሻንጣ ሴንተሩንና አንዱን ጥንድ ይይዛል፤ ትልልቆቹ ግን ያልፉታልና ከመግዛትዎ በፊት ኪሎውን ያንብቡ። ሻንጣ ውስጥ ሲያስገቡ የፊት መሸፈኛ ጨርቃቸውን ሳያወልቁ፣ በትዊተሩ ላይ ምንም እንዳይጫን ጠንካራ ካርቶን ቆርጠው ከፊታቸው አስቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ሻንጣው መሃል አዙረው በጋቢና በብርድ ልብስ ይጠቅልሏቸው።

የአባትዎን ጆሮ በሚመለከት፣ በዕድሜ የሚደክመው ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ፣ ማለትም ተነባቢዎችን የሚለየውን ነው። ስለዚህ ለእርሳቸው ከሁሉም ሰው ይልቅ ትዊተሩ በቀጥታ ወደ ጆሯቸው የተቃና ሴንተር ያስፈልጋል። ሲተክሉት እርሳቸው ዘወትር የሚቀመጡበትን ሶፋ ጠይቀው፣ ስፒከሩን መሃል ላይ እንዳለ ጥቂት ወደዚያ ያዙሩት፤ ለሌላው ተመልካች የሚጎድልበት ነገር እምብዛም አይሰማውም።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው። ከዲቪዲ ማጫወቻው ጋር አብሮ የተገዛ ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቲያትር አለኝ። ሴንተሩ በድንገት ድምፅ አቁሟል። ሌላ ሴንተር ባስገባበት መሣሪያው ይቃጠላል አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ የሞተው ስፒከሩ መሆኑን ያረጋግጡ። ገመዱን ከመሣሪያው ነቅለው፣ የአንድ ትንሽ የ1.5 ቮልት ድንጋይ ሁለት ጫፎች በገመዱ ሁለት ጫፎች ላይ ለቅጽበት ብቻ ነካ ያድርጉ። ጤነኛ ስፒከር «ቸክ» የሚል ድምፅ ይሰጣል፣ ከፊት ያለው ሸራም ሲገፋ ወይም ሲገባ በዓይን ይታያል። ዝም ካለ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ተቃጥሏል ወይም ገመዱ ተበጥሷል። ድምፅ ከሰጠ ግን ጥፋቱ ከመሣሪያው መውጫ ወይም ከማስተካከያው ነው፤ ይህንንም ከኋላ ካሉት ስፒከሮች አንዱን በሴንተሩ መውጫ ላይ ሰክተው ማወቅ ይችላሉ።

የሞተው ስፒከሩ ከሆነ በሌላ ስፒከር መተካት ይቻላል። እንዲህ ዓይነቶቹ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ለ3 ወይም ለ4 ኦም ስፒከር የተሠሩ ናቸው፤ የኦሙ ቁጥር ከነባሩ እኩል ወይም የበለጠ የሆነ ስፒከር፣ ለምሳሌ የ6 ወይም የ8፣ መሣሪያውን አያቃጥለውም፣ የሚስበው ኃይል እንዲያውም ያንሳል። የሚያቃጥለው ከነባሩ ያነሰ ኦም ያለው ነው። በ8 ኦሙ ስፒከር ድምፁ ትንሽ ዝቅ ቢል በመሣሪያው የድምፅ ደረጃ ማስተካከያ ሴንተሩን ለብቻው ከፍ ያደርጉታል። የገመዱ መሰኪያ የራሱ የፋብሪካው ቅርጽ ሊሆን ስለሚችል ከአሮጌው ስፒከር ላይ ገመዱን ከነመሰኪያው ቆርጠው ያስቀምጡት፤ አይጣሉት፣ ከአዲሱ ጋር የሚያያዘው እርሱ ነው። ሲያያይዙት የገመዱን ፕላስ መስመር (ብዙ ጊዜ ባለ ቀለሙ ወይም ባለ ሰረዙ ነው) ከአዲሱ ስፒከር ቀይ ማሰሪያ ጋር ያድርጉት።

ምን ዓይነት ይግዙ ለሚለው፣ ለዚህ መሣሪያ ትልቅ ሴንተር አይግዙ። መሣሪያው ወፍራሙን ድምፅ ራሱ ቆርጦ ለሳብዉፈሩ ስለሚሰጥ የትልቁ ስፒከር አቅም ጥቅም ላይ ሳይውል ይቀራል። ባለ አንድ ዉፈርና ባለ አንድ ትዊተር የሆነ አነስተኛ ያገለገለ የመደርደሪያ ስፒከር ነጠላውን ቢያገኙ፣ ጥንዱ ስለጠፋ ሻጮች በርካሽ ይለቁታል፤ ቀጥ አድርገው ከቴሌቪዥኑ ሥር ካቆሙት ከፋብሪካው ሴንተር የበለጠ ቃል ያሰማዎታል።